ርጥብ አፈር ላይ የሚጠማ ስንዴ፦ ችግሩ ጨው ነው ወይስ ሌላ?

አዋሽ ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ ወረዳ፣ ቀድሞ ጥጥ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ በመስኖ ስንዴ ከሚያመርቱ ሰዎች ጋር እሠራለሁ። ዘንድሮ በኅዳር አጋማሽ የዳቦ ስንዴ ዘርተን፣ በማሳው አንድ ጠርዝ ደግሞ የፓስታ ፋብሪካዎች ለሚፈልጉት ለዱረም ስንዴ ጠባብ ቁራጭ መሬት ሰጥተን ነበር። ዛሬ ከተዘራ ሃምሳ ቀን አልፎታል፤ ያየሁትን እንደ ቅደም ተከተሉ ልግለጽ።

በመጀመሪያ አበቃቀሉ ወጥ አልነበረም። በቦዮቹ ጎን ያረፈው ዘር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲወጣ፣ በመደቡ አናት ላይ የወደቀው ግን ከዐሥር ቀን በላይ ቆይቶ ጥቂቱ ብቻ ወጣ። ያልወጣውን ቆፍረን ስናየው አብዛኛው ትንሽ አብጦ ሳይበቅል የቀረ ነበር። ውሃ ባጠጣን በሦስተኛው ቀን የመደቡ አናት አመዳም ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ከዚያ ወዲህ ያደገው ቡቃያ አጭር ነው፤ ከአንድ ሥር ሁለትና ሦስት አገዳ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ብዙው በአንድ አገዳ ቀርቷል። ቀለሙ አልገረጣም፤ እንዲያውም ከጤነኛው ይልቅ ጠቆር ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው እየደረቁ ሲሆን፣ የዱረሙ ቁራጭ በተለይ እሳት የላሰው ይመስላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ በቀትር መጠቅለሉ ነው።

አንድ ባለሙያ ናይትሮጅን አንሶት ነው ብሎን ዩሪያ ጨመርን፤ ለውጥ አላየንም። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ውሃ ጨምሩለት ይላሉ። ነገሩ በእርግጥ ጨው ከሆነ፣ ጨው ውሃ ያልጎደለበትን ስንዴ እንዴት ሊያስጠማው እንደሚችል፣ ዱረሙ ለምን ከዳቦ ስንዴው የበለጠ እንደ ተጎዳ፣ ከዚህ ወዲያስ የዘንድሮውን ሰብል ማዳን ይቻል እንደ ሆነ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሥርና ቅጠል

ከገለጹት ውስጥ ለእኔ ዋናው ፍንጭ የቅጠሉ ቀለም ነው። ናይትሮጅን ያነሰው ስንዴ መላ አካሉ ይገረጣል፤ አሮጌው ቅጠል ከጫፉ ተነሥቶ ወደ ታች ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ጨው የያዘው ስንዴ ግን ቅጠሉ ስለሚያንስና ስለሚወፍር አረንጓዴነቱ ይጨምራል፤ የሚደርቀውም ክፍል ከአረንጓዴው በግልጽ ተለይቶ የተቃጠለ ይመስላል። ስለዚህ የዩሪያው ምክር የተሰጠዎ ቀለሙን በወጉ ሳይታይ ይመስለኛል። በጨዋማና ርጥብ የአፈር ገጽ ላይ የተበተነ ዩሪያ፣ አፈሩ ወደ አልካሊነት ያደላ ከሆነ፣ ከፊሉ በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ስለሚያመልጥ ገንዘቡም አብሮ ይተናል።

ስንዴ ለጨው የሚሰጠው ምላሽ ሁለት ምዕራፍ አለው፤ ሁለቱን መለየት እርስዎ ላዩት ነገር ሁሉ ቁልፍ ነው። የመጀመሪያው ጥም ነው። ቋንጣ የዘለዘለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ጨው የነካው ሥጋ ውሃውን ያወጣል፤ በአፈር ውስጥ ያለው ጨውም ውሃውን ለሥሩ በቀላሉ አይለቅም። ነገሩን በቁጥር እንየው። የአፈር ጨዋማነት የሚለካው አፈሩ በውሃ ከጠገበ በኋላ ተጨምቆ በሚወጣው ፈሳሽ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ሲሆን፣ መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል፤ 4 እና ከዚያ በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ይሰኛል። አፈርዎ 10 ነው እንበል። ውሃ ጠጥቶ የተረፈው በተንጠፈፈበት ጊዜ በአፈሩ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከዚያ ናሙና ሁለት እጥፍ ገደማ የጠነከረ፣ ማለትም ወደ 20 የሚጠጋ ይሆናል። ይህን ውሃ ለመሳብ ሥሩ ለጨው ብቻ ከ7 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገዋል፤ አፈሩ ከያዘው ውሃ ግማሹን ሲያጣ ደግሞ ቁጥሩ በእጥፍ አድጎ ወደ 14 ባር ይደርሳል። አብዛኛው ሰብል ደርቆ የማይመለስበት ልክ 15 ባር አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ በእጅዎ ርጥብ የሆነው አፈር ለሥሩ ደረቅ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ምዕራፍ ሥሩ ጨው ካገኘበት ደቂቃ ይጀምራል። ሥሩ አብሲሲክ አሲድ የተባለውን ሆርሞን ጨምሮ የተለያዩ ምልክቶችን ወደ ላይ ይልካል፤ የቅጠሉ አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ይጠባሉ፤ የአዲሱ ቅጠል እድገት ይዘገያል። ተክሉ ውሃ ወደ ሕዋሶቹ እንዲገባለት ፕሮሊንና ግላይሲን ቤታይን የመሳሰሉ ውህዶችን እያመረተ የራሱን ፈሳሽ ያጠነክራል፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ለእድገት ሊውል ይችል በነበረ ስኳር ነው። ከአንድ ሥር ተጨማሪ አገዳ አለመውጣቱም የዚሁ ውጤት ነው፤ በስንዴ ላይ ጨው ምርት የሚቀንስበት ትልቁ መንገድ የአገዳውንና የዛላውን ብዛት ማሳነስ መሆኑን ደጋግሞ የታየ ጉዳይ አድርጌ እወስደዋለሁ።

ሁለተኛው ምዕራፍ መመረዝ ነው፤ እሱ ሳምንታት ይወስዳል። ስንዴ በቅጠሉ ውስጥ ከሚያስቀረው ውሃ 50 እጥፍ ያህል በትነት ያወጣል። ውሃው ሲተን ጨው አይተንም። ስለዚህ የቅጠሉ ጨው ከአፈሩ ጨው እንዳይበልጥ ሥሩ ከሚያገኘው ሶዲየም ወደ 98 በመቶ የሚሆነውን በር ላይ መመለስ አለበት፤ 95 በመቶ ብቻ ቢመልስ እንኳ ቅጠሉ ውስጥ የሚጠራቀመው ከአፈሩ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ያመለጠው ሶዲየም ረጅም ጊዜ ውሃ ባስተነነው፣ ማለትም በአሮጌው ቅጠል ውስጥ ይከማቻል፤ የፖታሲየምን ቦታ ይሻማል፤ ሕዋሱ በጓዳው ሊያከማቸው ከሚችለው በላይ ሲሆን ቅጠሉ ይቃጠላል። የታችኛው ቅጠል ቀድሞ፣ ያውም ከጫፉ መድረቁ ከዚህ የመጣ ነው። ድርቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙሽራው ቅጠልም አብሮ ይጠወልግ ነበር።

አበቃቀሉን በተመለከተ፣ ስንዴ በአጠቃላይ ጨውን በመጠኑ የሚችል ሰብል ነው፤ በተለመደው ሠንጠረዥ እስከ 6 ዴሲሲመንስ ድረስ ምርቱ አይቀንስም፣ ከዚያ በላይ ለሚጨምር እያንዳንዱ አሃድ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በብቅለትና በቡቃያነት ዘመኑ ግን ከ4 ወይም ከ5 እንዳይበልጥበት ይመከራል። የመደቡ አናት ላይ የወደቀው ዘር ያጋጠመው ይህ ነው፤ ከሁለቱም ቦይ የሚሰርገው ውሃ ጨዉን እየገፋ ወደ አናቱ ወስዶ እዚያው ሲተን ለዘሩ ትቶለታል።

የድሮ የመስኖ ሰው

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጎረቤቶችዎ ያሉትን «ውሃ ጨምሩ» የሚለውን ምክር ተቀብለው ነገ ቦዩን ከመክፈትዎ በፊት ጉድጓድ ይቆፍሩ ብዬ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሁለት ሜትር ይበቃል። ጉድጓዱን አንድ ሌሊት አሳድረው ውሃው የት ላይ እንደሚቆም ይለኩ።

ይህን የምለው የዚያ አገር ጨው ከየት እንደ መጣ ስለማውቅ ነው። በአሚባራ ባለችው ወረር አካባቢ ከፍታው 740 ሜትር ገደማ ሆኖ የዓመቱ ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር አይዘልም፤ ትነቱ ግን ከዝናቡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለአሥርታት ለጥጥ የተለቀቀው ውሃ መውጫ ሳያገኝ ወደ ታች ሲሰርግ ኖሮ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ አነሣው፤ ከገጽ አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ሲቀርብ አፈሩ እንደ ፋኖስ ክር ውሃውን ከነጨዉ ወደ ላይ ይስበዋል። እንዲያው ወንዙ ንጹሕ ነው ብለን እንጽናና እንጂ፣ በአንድ ሊትር 450 ሚሊ ግራም ብቻ ጨው ያለው፣ ማለትም ለመስኖ ጥሩ የሚባል ውሃ እንኳ፣ በአንድ የምርት ዘመን 500 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ በሄክታር ከ22 ኩንታል በላይ ጨው አምጥቶ ይጥላል። ማንጠፈፊያ ቦይ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚሄድበት የለም።

በሌላ በኩል፣ ሁሉን በጨው ማሳበብም አይገባም። ሥር ከሶዲየም ጋር የሚታገለው በኃይል ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ደግሞ ከአየር ነው። ውሃ የተኛበት ሥር አየር ሲያጣ በሩን መዝጋት ያቅተውና ጨው ብቻውን ከሚያስገባው የበለጠ ሶዲየም ወደ ቅጠል ይለቃል። ስለዚህ በጨዋማ መሬት ላይ ውሃ ማስተኛት፣ ጨዉ ሳይጨምር፣ መርዙን ብቻ ያባዛዋል። መልሱ ውሃ ማብዛት ሳይሆን መውጫ ማበጀት ነው።

ሌላው መለየት ያለበት አፈሩ ጨዋማ ብቻ ነው ወይስ ሶዲየም ሸክላውን ይዞታል የሚለው ነው። ደረቅ ጓል አንሥተው በዝናብ ውሃ ወይም በተጣራ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሳይነኩት ያስቀምጡት። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዙሪያው እንደ ወተት ካደፈረሰ ሶዲየሙ የሸክላውን ቅንጣቶች በትኗቸዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጀሶ ያስፈልጋል፣ የጀሶው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ ይወስዳልና። ጓሉ ተፈረካክሶ ውሃው ጥርት ብሎ ከቀረ ግን ጀሶ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ጨው በጨው ላይ መጨመር ነው። በየገበያው ጀሶን ለሁሉም መሬት መድኃኒት አድርገው የሚናገሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህችን ብርጭቆ አስታውሳቸዋለሁ።

ከአደላይድ

የዱረሙን ጥያቄ ማንም ስላልነካው እኔ ልሞክር። እዚህ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ የስንዴ ማሳ ላይ ጨው የቆየ ጣጣ በመሆኑ ብዙ ተሠርቶበታል።

የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶም ሲኖረው ዱረም ያለው 28 ነው። ልዩነቱ ዲ የሚባለው የክሮሞሶም ስብስብ ሲሆን፣ የዳቦ ስንዴ ከሺዎች ዓመታት በፊት ከአንድ የዱር ሣር ያገኘው ነው። በዚህ ስብስብ አራተኛ ክሮሞሶም ላይ ሶዲየምን ከቅጠል የማራቅ ችሎታ የተቀመጠበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያለው ጂን የሚሠራው ፕሮቲን በሥሩ ውስጥ ውሃ ወደ ላይ በሚሄድበት ቧንቧ ዙሪያ ባሉ ሕዋሶች ላይ ተተክሎ፣ ሾልኮ የገባውን ሶዲየም ወደ ቅጠል ከመድረሱ በፊት መልሶ ያወጣዋል። ዱረም ዲ ስለሌለው ይህ ዘበኛ የለውም። በአንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ሲዘሩ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው መቃጠሉ የሚጠበቅ ነው፤ የሁለቱን ቅጠል ላቦራቶሪ ቢልኩት የዱረሙ ሶዲየም ጎልቶ ይታያል።

ራና ማንስና ባልደረቦቿ ግን ይህን የሚያክስ ዘበኛ አይንኮርን ከተባለው ጥንታዊ ስንዴ ወደ ዱረም ገብቶ አገኙ፤ ይህንንም በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ወደ ንግድ ዝርያ አሸጋገሩት። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት ሥራ ጂኑን የያዘው ዱረም በጨዋማ ማሳ ላይ ጂኑ ከሌለው አቻው 25 በመቶ የበለጠ ፍሬ ሰጥቷል፤ ጨው በሌለበት መሬት ላይም በጂኑ ምክንያት የታየ ጉዳት አልነበረም። ሕንዳውያን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደዋል፤ በራጃስታን ገበሬዎች እጅ የኖረውን ካርቺያ የተባለ ጨው ቻይ ስንዴ መነሻ አድርገው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በተቋቋመው የካርናል የአፈር ጨዋማነት ምርምር ተቋም አማካይነት ተከታታይ ዝርያዎችን አውጥተዋል።

የአገራችን የኢትዮጵያ ዱረም በዓይነቱ ብዛት በዓለም የታወቀ ቢሆንም፣ የኖረው በደጋና በወይና ደጋ መረሬ መሬት ላይ ስለሆነ ገበሬው ሲመርጠው የኖረው ለውሃ መተኛትና ለዋግ እንጂ ለጨው አይደለም። ይህ ማለት ግን በአዲስ አበባ ጂን ባንክ ውስጥ ከተቀመጠው ናሙና መካከል ሶዲየምን የሚያርቅ አይገኝም ማለት አይደለም፤ ቅጠል ቆርጦ ሶዲየምና ፖታሲየሙን መለካት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ ዘወትር የምጠቁመው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። ሶዲየምን ማራቅ የሚረዳው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ጥሙን አያስታግስም። አንዳንድ ሠንጠረዦች ለአጫጭሮቹ ዘመናዊ የዳቦ ስንዴዎች ምርት መቀነስ የሚጀምርበትን ልክ 8.6 ዴሲሲመንስ አድርገው ማስቀመጣቸውን አይቶ «የእኔ ዝርያ ይችላል» ብሎ መዝናናት አደገኛ ነው፤ ቁጥሩ ለጎለመሰ ተክል እንጂ ለብቅለት አይደለም።

አዋሽ ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደ ተመከርኩት ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ በማግስቱ ውሃው ከገጽ 1 ሜትር ከ10 ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለካ ማሳውን የሚያዋስነው ማንጠፈፊያ ቦይ በደለልና ፕሮሶፒስ በተባለው ወራሪ ዛፍ ተሞልቶ ውሃ አይወስድም፤ ዓመታት አልፈውታል፣ እኛም ከመልመዳችን የተነሣ ቦይ መሆኑን ረስተነው ነበር።

ናሙናም አስለካሁ። የመደቡ አናት 13፣ የቦዩ ጎን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ 5፣ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ያለው ደግሞ 9 ዴሲሲመንስ ወጣ። የአፈሩ አሲድነትና አልካሊነት የሚለካበት ፒኤች 8.1 ነው። የብርጭቆውን ሙከራ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ጓሉ ፈረሰ እንጂ ውሃው አልደፈረሰም። ስንዴው አሁን ዛላ ሊይዝ የደረሰ ይመስላል። ምን ላድርግ?

ሥርና ቅጠል

መጀመሪያ ላቦራቶሪውን አፈሩን አጥግበው በጨመቁት ፈሳሽ ነው የለኩት ወይስ አንድ እጅ አፈር ከአምስት እጅ ውሃ በጥብጠው ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ከሆነ ቁጥሩ ፍጹም ሌላ ትርጉም ይኖረዋል፤ በከባድ ሸክላ አፈር ላይ ከ6 እስከ 8 እጥፍ ማባዛት ያስፈልጋል። ስንዴው በሕይወት መኖሩ በራሱ የመጀመሪያው መሆኑን ይነግረኛል፤ ቢሆንም መጠየቁ አይጎዳም።

የመደቡ 13 አያስደንግጥዎ። ጎልማሳ ስንዴ ውሃ የሚስበው ሥሩ ከደረሰበት ቦታ ሁሉ ጨዉ ዝቅ ካለበት እየመረጠ ስለሆነ፣ አሁን የሚኖረው በቦዩ ጎን ባለው 5 ላይ ነው። ያ ቦታ እንዳይደርቅ ማድረግ የዘንድሮው ሥራ ሁሉ ማጠቃለያ ነው። አንድ ጊዜ በብዛት ከማጠጣት ይልቅ ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ ያጠጡ፤ በተለይ ዛላ ከሚያወጣበት ጀምሮ ፍሬው እስኪሞላ ድረስ የቆላው ሙቀት ትነቱን ስለሚያበዛ፣ እያንዳንዱ የደረቀ ቀን ሶዲየሙን ወደ ሰንደቅ ቅጠሉ፣ ማለትም ከዛላው በታች ወዳለው የመጨረሻ ቅጠል፣ ያቀርበዋል። የአገዳው ቁጥርና በአንድ ዛላ ላይ የሚኖረው የፍሬ ማቀፊያ ብዛት የተወሰነው በቡቃያነቱ ስለሆነ አይመለስም። በየማቀፊያው የሚያዘው ፍሬና የፍሬው ክብደት ግን ገና በእጅዎ ነው። ከዚህ በኋላ ዩሪያ አይጨምሩ። ጨው የያዘው ስንዴ ከጤነኛው ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል፣ ማሳውን በሁለት ዙር ማጨድ ሊያስፈልግዎ ነውና ኮምባይን የሚያከራይዎትን ሰው ከአሁኑ ይንገሩት።

የድሮ የመስኖ ሰው

ጀሶውን ይተዉት፤ ገንዘቡን ለቦዩ ጠረጋ ያውሉት። ውሃው 1 ሜትር ከ10 ላይ ቆሞ ሳለ ጨው አጥባለሁ ብሎ ውሃ መልቀቅ ውሃውን ወደ ገጽ ማቅረብ ብቻ ነው። ማንጠፈፊያው ተከፍቶ የጉድጓዱ ውሃ ቢያንስ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች መውረዱን ካዩ በኋላ፣ በመጪው ጥቅምት ከመዝራትዎ በፊት መደቡን አፍርሰው መሬቱን ይደልድሉ፤ በየተወሰነ ርቀት አነስተኛ ግድብ እየሠሩ ውሃ አስተኝተው ጨዉን ወደ ታች ያጥቡት። ውሃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዙር፣ በመካከሉ እንዲሰርግ ጊዜ እየተሰጠው ቢለቀቅ ባነሰ ውሃ የበለጠ ጨው ያወርዳል።

መደብ ማውጣት ግድ ከሆነ ዘሩን አናቱ ላይ ሳይሆን በጎኑ፣ ከውሃው መስመር ጥቂት ከፍ አድርገው ይዝሩት፤ የዘሩንም መጠን ጨመር ያድርጉ፣ ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ የማያወጣ ስንዴ ብዛቱን ከዘሩ ነው የሚያገኘው። ያን ጉድጓድ ደግሞ አይድፈኑት። አፉን በእሾህ ከልለው በየአሥራ አምስት ቀኑ መለኪያ በተሰመረበት እንጨት እየለኩ ይመዝግቡ፤ የጥርና የየካቲት ቁጥር ሲኖርዎ ይጻፉልኝና የቦዩን ጥልቀት አብረን እናሰላለን።